ባንጆ ክራር አይደለም፦ «የአሜሪካ ክራር» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ

ባንጆን «የአሜሪካ ክራር» ብሎ ለአማርኛ አንባቢ ያስተዋወቀ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በተለይ ወደውታል። ደህና ክራር ከአገር ቤት ማስመጣት ጣጣ ነው፤ ባንጆ ግን የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ጽሑፉ በፍቅር የተጻፈ ነው፣ አነጋገሩም ያምራል። ይሁንና ምክሩን እንዳለ የተከተለ ጀማሪ ገንዘቡን ያባክናል፣ ክር ይበጥሳል፣ ኋላም «ይሄ ነገር አይሆነኝም» ብሎ ይተወዋል።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሁለቱም መሣሪያዎች በተወጠረ ቆዳ ላይ በቆመ በርኩማ (ክሮቹን ከፊቱ ከፍ አድርጎ በሚይዘው እንጨት) ድምፅ ስለሚሰጡ ዘራቸው አንድ ነው፣ ባንጆ ከክራር ሳይወለድ አልቀረም ይላሉ። ከዚህ ተነሥተው ምክር ይሰጣሉ። ጀማሪ ያገኘውን ርካሽ ባንጆ፣ ባለ ስንት ክርም ቢሆን፣ ይግዛ። ክሮቹን እንደ ክራር በተርታ በትዝታ ይቃኝ። ፊቱ ላይ የተወጠረውን ፕላስቲክ አውልቆ የፍየል ቆዳ ያልብሰው። ውጥረቱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ በርኩማውን በሙጫ ያጣብቅ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶቹ ላይ ፒክ (ክር መምቻ) አጥልቆ በሦስት ጣት ይለማመድ። ክራር የሚችል ሰው ይህን ካደረገ በአንድ ሳምንት ይጫወታል ባይ ናቸው።

ከዘር ሐረጉ ልጀምር። የባንጆ ሥር አፍሪካ ነው ማለታቸው ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር ብዙ ሰው የነጭ ገበሬ መሣሪያ አድርጎ ስለሚያስበው ይህ ደጋግሞ ቢነገር አይበዛም። ግን አፍሪካ ሰፊ ናት። መሣሪያውን በካሪቢያንና በሰሜን አሜሪካ የፈጠሩት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው፤ የቅርብ ዘመዶቹም የሚገኙት በምዕራብ አፍሪካ ነው። የሴኔጋምቢያው የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚባለው መሣሪያ የቅል ገላ፣ የተወጠረ ቆዳ፣ ረጅም አንገትና ከሌሎቹ ያጠረ የአውራ ጣት ክር አለው። ሐኪሙ ሃንስ ስሎን በ1680ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ጃማይካ ያያቸውን መሰል መሣሪያዎች ሥዕል በ1707 አሳትሟል። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በተሣለ የውኃ ቀለም ሥዕል ላይም አጭሩ ክር በግልጽ ይታያል። በ1840ዎቹ ዊልያም ባውቸር ባልቲሞር ውስጥ ባንጆ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በዚህ ሁሉ መሥመር ውስጥ ክራር የለበትም።

የታሪክ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት። ነገር ግን ሌሎቹ ስሕተቶች የሚፈልቁት ከዚሁ ነው። ክራር አንገት የለውም። ክሮቹ ከቀንበሩ ወደ ገበቴው ባዶ አየር አቋርጠው ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱ ክር የራሱ አንድ ድምፅ አለው፣ ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ዋና ሥራ የማይፈለገውን ክር ማፈን ነው። የባንጆ ክር ግን አንገቱ ላይ ተረግጦ በፍሬቶቹ (አንገቱን አቋርጠው በተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ያጥራል፤ 22 ፍሬት ባለው አንገት ላይ አንዱ ረጅም ክር ብቻውን 23 ድምፅ ያወጣል። (ከእኛ መሣሪያዎች አንገት ያለው መሰንቆ ነው፤ እሱም ቢሆን በደጋን የሚመታ ነው፣ ክሩም አንገቱ ላይ አይረገጥም።) ስለዚህ ከክራር ወደ ባንጆ የሚሻገር ሰው ቀኝ እጁና ጆሮው ይከተሉታል፤ ግራ እጁ ግን ከሀ ይጀምራል።

ወደ ግዢው ልሂድ። «ባለ ስንትም ክር ቢሆን» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ያስከፍላል። ባለ 4 ክሩ ቴነር ባንጆ ብዙውን ጊዜ 17 ወይም 19 ፍሬት አለው፤ በሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ (የድምፆች የፈረንጅ ስም ነው) ይቃኛል፣ አየርላንዳውያን ደግሞ በጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ይቃኙታል፣ የሚመታውም በአንድ ፒክ ነው። ባለ 6 ክሩ ባንጆ የለበሰ ጊታር ነው፤ ጊታር የሚችል ሰው ድምፁን ሲፈልግ የሚገዛው። ጸሐፊው ራሳቸው የሚያደንቁትን ድምፅ የሚሰጠው ባለ 5 ክሩ ነው። የሚለየውም በአንድ ምልክት ነው፦ አምስተኛው መቃኛ ከሌሎቹ ጋር ጫፍ ላይ ሳይሆን አንገቱ ጎን፣ 5ኛው ፍሬት አጠገብ ተተክሏል። በባለ 4 ክር አንገት ላይ «በኋላ አምስተኛውን እጨምራለሁ» ማለት አይቻልም፤ አንገቱ ሲሠራ ጀምሮ በስፋት ይለያያል።

ርካሽ ይሁን በሚለው በከፊል እስማማለሁ፤ ለጀማሪ ብዙ ሺህ ዶላር ማውጣት ከንቱ ነው። ግን በጣም ርካሾቹ የሚያስቸግሩት በድምፃቸው አይደለም፣ መቃኛቸው ስለሚንሸራተትና አንገታቸው ስለሚጣመም ነው። ካሊፎርኒያ የሚሠራው የዲሪንግ ጉድታይም ባንጆ አዲሱ ከ500 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ያገለገለ ከተገኘ ደግሞ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፣ ክብደቱም 2 ኪሎ አይሞላም። ያገለገለ ስትገዙ አምስተኛውን መቃኛ ጠምዝዛችሁ እዩት። ጥርስ ያለው ከሆነ መልካም፤ እንዲሁ በመፋተግ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ክሩ በየደቂቃው ይላላል (ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ ማጥበቅ ለጊዜው ይረዳል)። አንገቱ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ስንጥቅ ፈልጉ። 1ኛውን ክር መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ረግጣችሁ መሐል ላይ፣ ማለትም 7ኛው ፍሬት ገደማ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወረቀት የምታሳልፍ ትንሽ ክፍተት ብቻ መኖር አለባት። ሁለት ሚሊሜትር ካያችሁ ተዉት።

አሁን ወደ ቅኝቱ፤ በጽሑፉ ውስጥ እጅግ ማራኪውም እጅግ ጎጂውም ምክር ይህ ነው። ባንጆ በተለመደው ቃኙ ሲያዝ ከወፍራሙ ጀምሮ 4ኛው ክር ዲ፣ 3ኛው ጂ፣ 2ኛው ቢ፣ 1ኛው ዲ ነው፤ አጭሩ 5ኛ ክር ደግሞ ላይኛው ጂ። ጸሐፊው እነዚህን አውልቃችሁ በተርታ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ አድርጓቸው ይላሉ። እስቲ 4ኛውን ክር ብቻ እንይ። ከዲ ወደ ጂ አምስት ግማሽ ድምፅ ይወጣል። የክር ውጥረት በድምፁ ድግግሞሽ ካሬ ስለሚጨምር ይህ ማለት ክሩ ላይ ያለው ጫና ከ75 በመቶ በላይ ይንራል ማለት ነው። ወይ ይበጠሳል፣ ወይ በርኩማውን ወደ ቆዳው ይጫነዋል። ቢሳካ እንኳ ያተረፋችሁት አምስት ድምፅ ያለው ክራር ነው፤ 22ቱ ፍሬት በከንቱ ተተከለ።

የሚያስገርመው ደግሞ ትዝታ ያለ ምንም ለውጥ በመሣሪያው ላይ ተዘጋጅቶ መቀመጡ ነው። ከጂ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። 3ኛውን ክር ሳትረግጡ ምቱ፣ ጂ አገኛችሁ፤ 2ኛ ፍሬቱን ረግጣችሁ ምቱ፣ ኤ። 2ኛው ክር ባዶውን ቢ፣ 1ኛው ባዶውን ዲ፣ የ1ኛው 2ኛ ፍሬት ኢ፣ 5ኛው ክር ላይኛው ጂ። ወደ ታች መውረድ ብትፈልጉ 4ኛው ክር ባዶውን ዲ፣ በ2ኛ ፍሬቱ ኢ ይሰጣችኋል። ሙሉው ትዝታ ባዶ ክርና 2ኛ ፍሬት ብቻ ነው፤ ግራ እጅ ከቦታው አይነቃነቅም። ለትዝታ ማይነር ቢ በቢ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ የ3ኛው ክር 3ኛ ፍሬት)፣ ኢ በኢ ፍላት (የ1ኛው ክር 1ኛ ፍሬት) ይተካሉ። ባቲ ሜጀር ጂ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ኤፍ) ነው፤ ሲ የ2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ፣ ኤፍ ሻርፕ የ1ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ትገኛለች።

አምባሰል ትንሽ ያስቸግራል፤ ባዶው ቢ ከቅኝቱ ውጭ ስለሆነ በገረፋችሁት ቁጥር ያበላሻል። እዚህ ላይ ክር መለወጥ ያዋጣል፣ ግን አንድ ብቻ፣ ያውም ግማሽ ድምፅ ብቻ። 2ኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ከፍ አድርጉ። የባንጆ ተጫዋቾች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቃኝ ነው፤ ባዶዎቹ ክሮች ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ ሆኑ ማለት ነው። የጂ አምባሰል ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት በመሆኑ አምስቱም ባዶ ክሮች የቅኝቱ አባል ይሆናሉ፤ የምትረግጡት የ3ኛውንና የ1ኛውን ክር 1ኛ ፍሬት ብቻ ነው። አንቺ ሆዬ ለመጨረሻ ይቆይ፤ ለእሱ 2ኛውን ክር ወደ ቢ መልሱ። በውስጡ ዲ ፍላት እንጂ ዲ ስለሌለ ሁለቱም ባዶ የዲ ክሮች ጠላት ናቸው፤ ሲን በ2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት፣ ዲ ፍላትን በዚያው ክር 2ኛ ፍሬት፣ ኢን በ1ኛው ክር 2ኛ ፍሬት እየለቀሙ በነጠላ ድምፅ መጫወት ይሻላል፤ መግረፍ አይሆንም።

ለጸሐፊው አንድ ነገር አምናለሁ። ክራር ቃኚ ክሩን በጆሮው ወደሚፈልገው ቦታ ያስጠጋል፤ ፍሬት ግን እኩል የተከፋፈለ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአዋቂ ክራር ላይ ሲሰሙና በባንጆ ላይ ሲሰሙ አንድ አይደሉም። ፍሬት የሌላቸው ባንጆዎች አሉ፣ ግን ለጀማሪ አልመክርም።

የውጥረቱና የሙጫው ነገር ደግሞ በትዕግሥት መታየት አለበት፤ የባንጆ ድምፅ ግማሹ ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ባንጆ ፊቱ 11 ኢንች፣ ማለትም 28 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያውን ከ16 እስከ 24 በሚደርሱ መንጠቆዎች ይወጠራል፣ እያንዳንዱ መንጠቆ ከሥሩ ዳዶ አለው። ከጀርባ ሳህን ያለው ከሆነ መጀመሪያ አራቱን የሳህኑን ብሎኖች ፍቱና አውልቁት። ክሮቹን በመዳፍ አፍናችሁ ከጠርዙ 5 ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ ፊቱን በእርሳስ መታ መታ አድርጉ። ከጂ እስከ ጂ ሻርፕ ድረስ የሚሰማ ከሆነ ለሦስት ጣት አጨዋወት ደህና ነው፤ ጀርባው ክፍት ለሆነ ባንጆና ለለስላሳ ድምፅ ዝቅ ቢልም ይሆናል። ድራም ዳያል የሚባለው መለኪያ ያለው ሰው ከ88 እስከ 91 ያንብብ። ማጥበቅ ካስፈለገ የመኪና ጎማ ዳዶ እንደሚጠበቀው ነው፦ አንዱን ጠበቅ፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ በላይ ሳይዞር። ሁሉንም ሁለት ጊዜ ካዳረሳችሁ በኋላ እንደገና መታ አድርጋችሁ አዳምጡ።

«እስከ መጨረሻው አጥብቁ» የሚለው ስሕተት ይሁን እንጂ መነሻው ይገባኛል። ከሱቅ የሚመጣ ርካሽ ባንጆ ብዙ ጊዜ ላላ ብሎ ይመጣል፤ የበርኩማው እግሮች ፊቱ ላይ ስርጉድ ሠርተው ይታያሉ፣ ድምፁም የታፈነ ነው። ጠበቅ ሲደረግ ወዲያው ይነቃል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ዙር ድምፁን ቀጭንና አጭር ያደርገዋል፤ ካላቆማችሁ የዳዶው ጥርስ ይበላል ወይም ፕላስቲኩ ከጠርዙ ላይ ድንገት ይቀደዳል።

በርኩማው ግን በምንም መንገድ አይጣበቅም። በክራርም ቢሆን የሚያቆመው የክሩ ጫና ነው፤ በባንጆ ላይ ደግሞ ቦታው የፍሬቶቹን ሁሉ ትክክለኛነት ይወስናል። ከአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ፤ በተለመደው መጠን 33.3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከ12ኛው ፍሬት እስከ በርኩማው ያለውም ያንኑ ያህል ይሁን። ከዚያ ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ሳትረግጡ በጣት ብቻ ነክታችሁ ምቱ፤ ቀጥሎ ረግጣችሁ ምቱ። የተረገጠው ከፍ ካለ በርኩማውን ከአንገቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አስጠጉት። የወፍራሙ ክር ጎን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሻላል። ስታንቀሳቅሱ ክሮቹን ትንሽ አላሉ፣ ቀጥ ያለው የበርኩማው ፊት ወደ ክር ማሰሪያው፣ ዘንበል ያለው ወደ አንገቱ ይሁን። ክሮቹ ሲጠብቁ አናቱን ወደ አንገቱ ስለሚስቡት ቃኝታችሁ ስትጨርሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን ከጎን እዩ። ይህ ሁሉ ማስተካከያ ሙጫ ባለበት አይቻልም። ክር ሲቀየር ይወድቃል ብለው ከሆነ፣ አንድ በአንድ መቀየር ይበቃል።

የክሩ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ለጀማሪ ጣት ይመቻል። ከዚያ ብዙ ከራቀ መጀመሪያ የፊቱን ውጥረትና የአንገቱን ቀጥታነት አረጋግጡ፣ ቀጥሎ አጠር ያለ በርኩማ ሞክሩ፤ የተለመደው 5/8 ኢንች ነው። በውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በቁልፍ እያዞሩ ከፍታ ማስተካከል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ለጥቂት ሽራፊ ሚሊሜትር ይሠራል፣ ከዚያ ካለፈ ክቡን እንጨት ያጣምማል።

የፍየል ቆዳውን በአጭሩ ልለፈው። ባንጆ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቆዳ ነበር የሚለብሰው፤ ድምፁም በእውነት ደስ ይላል። ግን ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ በቀለበት ላይ ተጠምጥሞ፣ በእርጥቡ ተገጥሞ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ይደርቃል፤ ከዚያም በኋላ በዋሽንግተን የበጋ ወበቅ ይላላል፣ በክረምት የቤት ማሞቂያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መቃኘት ገና ያልለመደ ሰው ችግሩ የጆሮው ይሁን የአየሩ ማወቅ ያቅተዋል። የቆዳ ድምፅ የናፈቀ ሬሞ የተባለው ድርጅት የሚሠራቸውን ቆዳ መሰል ፕላስቲኮች ይሞክር።

የመጨረሻው ነጥብ ሦስት ጣቱና አንድ ሳምንቱ ነው። ሦስት ጣት፣ ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ በ1945 መጨረሻ የቢል ሞንሮን ባንድ ከተቀላቀለ በኋላ የገነነው አጨዋወት፣ ድንቅ ነው። ግን ለክራር ሰው የሚቀርበው ክሎሃመር የሚባለው ነው። እጅ ከላይ ወደ ታች ይመታል፣ ፒክም አያስፈልገውም። ጣቶቻችሁን እንደ ቡጢ ሳይሆን ልል አድርጋችሁ እጠፉ። በጠቋሚ ጣት ጥፍር ጀርባ 3ኛውን ክር ወደ ታች ምቱ፤ ቀጥሎ በዚያው ጥፍር የታችኞቹን ክሮች ጥረጉ፤ አውራ ጣት በዚያው ቅጽበት 5ኛው ክር ላይ አርፋለችና እጅ ሲነሣ ትለቀዋለች። ቆጠራው አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ላይ አድርጋችሁ ግራ እጅ ምንም ሳይነካ ይህን ብቻ በቀን 20 ደቂቃ። ጀማሪ የሚሳሳተው ክሩን ወደ ላይ በመንጨት ነው፤ ጣቱ ከክሩ በኋላ ወደ ቆዳው ካልወረደ ስሕተቱ ያ ነው።

ክራር የሚችል ሰው ይህን ምት በሁለት ሦስት ሳምንት ሳያስብ ይመታዋል፤ በዚህ ከሌላው ጀማሪ እንደሚቀድም እስማማለሁ። የብረት ክር የሚረግጡት የግራ ጣቶች ግን እስኪጠነክሩ ድረስ ያማሉ፤ ከጂ ወደ ሲ (4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ 2ኛው ክር 1ኛ፣ 1ኛው ክር 2ኛ) ምቱ ሳይቋረጥ መሻገር ደግሞ ወራት ይጠይቃል። አንድ ሳምንት የተባለውን ያመነ ሰው በስምንተኛው ቀን ራሱን ሰነፍ ያደርጋል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ጽሑፉን አንብባችሁ በርኩማውን ያጣበቃችሁ ካላችሁ፣ አትንቀሉት። ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላሉ፣ የጥርስ ማጽጃ ክር በእግሮቹ ሥር አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ በዝግታ ጎትቱ። እምቢ ካለና ፕላስቲኩ ከተጎዳ አዲስ ፊት ከ20 እስከ 30 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ስታዝዙ የፊቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን የጠርዙን ቁመት፣ ማለትም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሆኑን፣ ከአሮጌው ላይ ለክታችሁ ንገሩ።